እፍረቱ ያልተነሣለት ሰው ሌላውን ማክበር ይችላልን?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዙ ጊዜ በልቤ ሳመላልሰው የኖርሁትን ጥያቄ ዛሬ በፊታችሁ ላቅርብ። በምመራው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንድ ወጣት ተራው ደርሶ የሮሜን መልእክት 16ኛ ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ። ምዕራፉ በሰላምታና በሰዎች ስም የተሞላ ነው፤ በተለይም በ14ኛው ቁጥር ለምላስ የሚከብዱ አምስት ስሞች ተከታትለው ይመጣሉ። ወጣቱ በመጀመሪያው ስም ላይ ተደናቀፈ፤ መለስ ብሎ ጀመረ፤ እንደገናም ተደናቀፈ። ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ይሄድ ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ጣቱ ቆመ። እኔም እጄን ዘርግቼ መጽሐፉን ከፊቱ ወሰድሁና ስሞቹን አንድም ሳልስት አነበብኋቸው። ከዚያም ሳይዘጋጁ ማንበብ ቃሉን መናቅ እንደሆነ ለተሰበሰበው ሁሉ ስናገር ዓይኔን ከእርሱ ላይ አላነሣሁም። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣም።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ቅንዐት ብዬ ጠርቼው ነበር። እየቆየሁ ሳስበው ግን እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ በሰው ፊት ቆሜ ቃል ጠፍቶኝ የተሳቀብኝ ቀን እንደ ነበረ ትዝ አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳልዘጋጅ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ለካስ ለቃሉ ክብር የምጠነቀቅ እየመሰለኝ፣ የምጠነቀቀው ያ ሣቅ ዳግመኛ እንዳያገኘኝ ኖሯል። ወጣቱ ሲደናቀፍ ያየሁት እርሱን ሳይሆን የራሴን የጥንት ውርደት ነበረና ፈጥኜ ከፊቴ ማራቅ ፈለግሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 12፥10 እርስ በርሳችን እንድንከባበር ያዝዛል፤ እፍረቱ ገና ያልተነሣለት ክርስቲያን ይህን ከልቡ መፈጸም ይችላልን? እኔ አይችልም እላለሁ። አዳም ራቁት በመሆኑ ፈርቶ መሸሸጉን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ያደረገው ሚስቱን መክሰስ ነበር። የሚሸሸግ ሰው ሌላውን የሚያይበት ዓይን የለውም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የተሰጡት ምላሾች

ከዚህ ጽሑፍ በታች የተከፈተው ውይይት እየረዘመ ስለ ሄደ፣ አዲስ ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች ምላሾቹን በየቁጥራቸው ፍሬ ነገራቸውን ብቻ ይዤ በራሴ ቃል አሰፍራቸዋለሁ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ ጥያቄው በመነሣቱ ደስ እንዳላቸው ገልጸው እኔ ወደ ጠቀስሁት ወደ ዘፍጥረት ተመለሱ። አዳምና ሔዋን በ2፥25 ራቁታቸውን ሳሉ አይተፋፈሩም ነበር፤ በ3፥7 ግን የበለስ ቅጠል ሰፍተው ራሳቸውን ሸፈኑ። እኅታችን አተኩረው ያሳዩን ብዙዎቻችን ዘልለነው የምናልፈውን 3፥21ን ነው። እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ ያለበሳቸው ከገነት ካስወጣቸው በኋላ ሳይሆን ከማስወጣቱ በፊት ነው። ቅጣቱ አልቀረም፤ ራቁታቸውን ግን አልሰደዳቸውም። ስለዚህ ሰው እፍረቱን በራሱ ጥረት አያስወግደውም፣ ሌላ ሲያለብሰው እንጂ፤ የቅጠሉና የቁርበቱ ልዩነትም ይኸው ነው ሲሉ ደመደሙ።

ምላሽ 2። አንድ ወንድም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ የውይይቱን ፍሬ እንደሚጠባበቅ ብቻ ጻፈ።

ምላሽ 3። ሦስተኛው መላሽ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳያመነቱ አረሙኝ። አባባሌ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው አሉ። በእፍረት የታሰሩ ብዙ ሰዎች ሌላውን ሲያቃልሉ ሳይሆን ለሁሉ ሲያጎነብሱ፣ እምቢ ማለት ሲያቅታቸው፣ የማይችሉትን ሲሸከሙ ይታያሉ። ይህም ከውጭ ሲያዩት አክብሮት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይሉኝታ ነው። ቀጥለውም በቋንቋችን ውስጥ ተቀራርበው የሚኖሩትን ቃላት ለያዩልን። ጸጸት ስላደረግሁት ነገር የሚሰማኝ ነው፤ እፍረት ደግሞ ስለ ሆንሁት ነገር፤ ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ከማለት ይመጣል፤ ነውር ግን ማንም ሳይሰማው እንኳ በነገሩ ውስጥ ያለ ጉድለት ነው። ጸጸት ወደ ንስሐ ይወስዳል፤ እፍረት ብቻውን ሲቀር አዳም ወደ ተሸሸገበት ጫካ ይመልሳል። በ2 ቆሮንቶስ 7፥10 ጳውሎስ ሁለት ዓይነት ኀዘን መኖሩን፣ አንደኛው ወደ መዳን ሌላው ወደ ሞት እንደሚያደርስ መናገሩን አስረጅ አደረጉ። እኔ ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በመክፈቻው ላይ አራቱን ቃላት አንድ አድርጌ መጻፌንም ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው።

ምላሽ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ራሳቸውን ሽማግሌ ብለው ያስተዋወቁ አንድ አባት ውይይቱ ሁሉ ልል እንደሆነ በቁጣ ጻፉ። እንደ እርሳቸው አስተያየት ማፈር አጥር ነው፤ አጥሩን ያፈረሰ ትውልድ ማንን ሊያከብር ይችላል? በኤርምያስ 6፥15 ነቢዩ የከሰሰው ማፈር ያቃተውን ሕዝብ ነው። ጳውሎስም በ1 ቆሮንቶስ 6፥5 እና 15፥34 አንባቢዎቹን ሊያሳፍራቸው እንደሚጽፍ በግልጥ ተናግሯል፤ በ2 ተሰሎንቄ 3፥14 ደግሞ የማይታዘዘው ሰው ያፍር ዘንድ እንዲለዩት አዝዟል። ወጣቱም ሳይዘጋጅ መምጣቱ ጥፋት ነበረ፤ ተግሣጽ ሁሉ ቁስል ተብሎ ከተጠራ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን የምታሳድግበት መንገድ ያጣል ብለው አጠቃለሉ።

ምላሽ 5። አምስተኛው መላሽ ለእኒህ አባት የመለሰው በጥቅስ ላይ ጥቅስ በመደርደር አልነበረም፤ የጠቀሷቸውን ክፍሎች እስከ መጨረሻቸው በማንበብ ነው። የተሰሎንቄው ቃል በ3፥15 ይቀጥላል፤ ሰውዬው እንደ ወንድም እንዲገሠጽ እንጂ እንደ ጠላት እንዳይቆጠር ያዝዛል። ጳውሎስ በ1 ቆሮንቶስ 4፥14 የሚጽፈው ሊያሳፍራቸው ሳይሆን እንደ ተወደዱ ልጆች ሊገሥጻቸው መሆኑን ተናግሯል። ታዲያ በአንድ መልእክት ውስጥ አሳፍራለሁም አላሳፍርምም እንዴት ይላል? መላሹ የሰጠው መልስ የተገሠጹት እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ የሚል ነው። በ6ኛው ምዕራፍ ያፈሩት ወንድሞቻቸውን ወደ ፍርድ አደባባይ የሚጎትቱት ናቸው። በ11፥22 ደግሞ የተወቀሱት ምንም የሌላቸውን ያሳፈሩት ባለጠጎች ናቸው። ሐዋርያው ማሳፈርን በሚያሳፍሩት ላይ መለሰው እንጂ በተደናቀፈ ወጣት ላይ አላዋለውም። ከዚህ በኋላ ግን መላሹ እኒህን አባት ፈሪሳዊ የሚል ቃል ጨመረባቸው። ስለ አክብሮት በምንነጋገርበት ስፍራ ይህ ቃል ባይገባ ይሻል ነበር።

ምላሽ 6። አንዲት እኅት ክርክሩን ትታ የራሷን ታሪክ አወጋችን። ትዳሯ ከፈረሰ በኋላ በጉባኤ ውስጥ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ትቀመጥና ማንም ሰላም ሳይላት ከመጨረሻው ጸሎት አስቀድማ ትወጣ ነበር። አንዲት አሮጊት ይህን አዩ። ምንም አልጠየቋትም፤ ከፊት የነበረውን የዘወትር ስፍራቸውን ትተው በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ፤ አስቀድመው ሲደርሱም መጽሐፋቸውን በጎናቸው አስቀምጠው ቦታ ይይዙላት ነበር። ወራት አለፉ፤ የተነጋገሩትም ሰላምታ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጸሎቱ ሲያልቅ ራሷን ተቀምጣ አገኘችው። ዛሬ እርሷም በሩ አጠገብ የምትቀመጠው መሸሸጊያ ፈልጋ ሳይሆን አዲስ የሚመጣ ሰው ቢኖር ብላ ነው።

ምላሽ 7፣ 8 እና 9። ሰባተኛው መላሽ ይህ ታሪክ በዮሐንስ 4 ያለችውን ሳምራዊት እንዳስታወሰው ገልጾ፣ እርሷም ሴቶቹን አፍራ በቀትር ውኃ ልትቀዳ እንደ መጣች ጻፈ። ስምንተኛው አረመው፤ ወንጌሉ ጊዜው ስድስት ሰዓት ያህል እንደ ነበረ ይናገራል እንጂ የመጣችበትን ምክንያት አይናገርም፤ የሰባኪዎችን ግምት ከቃሉ ጋር ማቀላቀል አይገባም። ሰባተኛው መላሽ ተቀይሞ በዘጠነኛው ምላሽ መንፈሱን ትቶ ፊደል መቁጠር ምን ይጠቅማል ሲል መለሰ። በጽሑፉ ላይ እርማቱ ትክክል ነው። ሁለቱም ሳያነሡት የቀሩት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ነው፤ በ4፥29 ሴትየዋ ወደ ከተማ ተመልሳ ሰዎቹን የጠራችው ያደረገችውን ሁሉ በነገራት ሰው ስም ነው። ሊያስደብቃት የሚችለውን ነገር ራሱን መጥሪያ አደረገችው።

ምላሽ 10፣ 11 እና 12። ውይይቱ እዚህ ላይ ወደ ቋንቋ ዞረ። አንድ የቋንቋ ተማሪ በዕብራይስጥ ለማክበር የሚያገለግለው ቃል ከክብደት ጋር አንድ ሥር እንዳለው፣ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝም በዚያው ቃል እንደ ተጻፈ አስረድቶ፣ የእኛም ከበረና ከበደ ከዚያው የመጡ ናቸው አለ። አሥራ አንደኛዋ መላሽ ነገሩን አጠራችው፤ ከዕብራይስጡ ቃል ጋር የሚዛመደው ከበደ ነው፤ ከበረ ግን ሌላ ሥር ነው። ሆኖም አማርኛም በራሱ መንገድ ወደዚያው አሳብ ደርሷል አለች። የምናከብረውን ሰው ከባድ ሰው እንላለን፤ የናቅነውን አቃለልነው እንላለን፤ በሰው ፊት የተዋረደም ቀለልሁ ይላል። አሥራ ሁለተኛው ወደ ርእሱ እንድንመለስ አሳሰበ። እኔ ግን ከርእሱ የወጣን አይመስለኝም። መጽሐፉን ከወጣቱ ፊት ባነሣሁ ጊዜ ያደረግሁት ነገር ስሙ ማቃለል ነው፤ ቃሉም ድርጊቱም ያው ነው።

ምላሽ 13። ከሁሉ ይልቅ የወጋኝ ይህ ነው። አንዲት መላሽ የካም ወንድሞች ሴምና ያፌት በዘፍጥረት 9፥23 ያደረጉትን በዝርዝር አስታወሱን። ልብሱን በጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ መልሰው፣ የኋሊት እየሄዱ የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፈኑ፤ አላዩምም። ካም ግን አየና በውጭ ተናገረ። ዮሴፍም በማቴዎስ 1፥19 ጻድቅ ሆኖ ሳለ ማርያምን ሊገልጣት አልወደደም። እኅታችን ከዚህ በኋላ በቀጥታ ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ፤ ወጣቱን አንድ ጊዜ በጥናቱ ላይ አሳፈርኸው፣ አሁን ደግሞ ታሪኩን አደባባይ አውጥተህ የራስህ የመንፈሳዊ ብስለት ምሳሌ ልታደርገው ነውን? ስሙን ባትጽፍም እዚያ የነበሩት ያውቁታል፤ ፈቃዱንስ ጠይቀሃል?

ምላሽ 14። ይህ የራሴ ምላሽ ነው። ፈቃዱን እንዳልጠየቅሁ አመንሁ። የመክፈቻውን ጽሑፍ አርሜ ዘመኑንና ሌሎች መለያዎችን አወጣሁ፤ አሁን የምታነቡት የታረመውን ነው።

ምላሽ 15። የምላሽ 4 ጸሐፊ ተመለሱ። ፈሪሳዊ በመባላቸው ማዘናቸውን ገለጹ፤ አሳባቸውን ግን አልተዉም። ወጣት ሳሉ ስለ ሠሩት በደል በጉባኤ ፊት ቆመው እንደ ተወቀሱ፣ ያ መቆም ባይኖር ኖሮ ዛሬ በእምነት እንደማይገኙ ጻፉ። ቀጥሎ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ብዙዎቻችንን ዝም አሰኘን። በዚያች ምሽት ከወቀሷቸው ሽማግሌዎች አንዱ እስከ ቤታቸው ድረስ አብረዋቸው እንደ ሄዱ፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ጥፋቱ አንዲት ቃል እንዳላነሡ፣ በደጃፉም ላይ ሲለያዩ እጃቸውን እንደ ሳሟቸው አስታወሱ። ከሁለቱ የትኛው እንዳተረፋቸው እርሳቸው አልለዩም፤ እኔም ልለይላቸው አልደፍርም። አምስተኛው መላሽ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቃቸው።

ምላሽ 16። ለጥያቄዬ ከሁሉ የቀረበውን መልስ ያገኘሁት እዚህ ነው። መላሹ ጴጥሮስን ተከተሉ። ጴጥሮስ በዮሐንስ 18፥18 በፍም እሳት አጠገብ ቆሞ እየሞቀ ጌታውን ካደ። በ21፥9 ደቀ መዛሙርቱ ወደ ምድር ሲወጡ በዚያም የፍም እሳት ተቀምጦ አዩ። ጌታ ግን ጴጥሮስን ወዲያው አልጠየቀውም፤ አስቀድሞ አበላው። ሦስቱ ጥያቄዎች የመጡት ከበሉ በኋላ ነው፤ ስለ ክህደቱም በስሙ የተነሣ አንድ ነገር የለም፤ በየመልሱ ሌሎችን እንዲጠብቅ አደራ ተሰጠው። መላሹ ይህን ካሉ በኋላ ወደ ጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት 2ኛ ምዕራፍ አሻገሩን። በ2፥6 ጴጥሮስ የኢሳይያስን ቃል ጠቅሶ በእርሱ የሚያምን አያፍርም ይላል፤ በ2፥7 ክብሩ ለሚያምኑት እንደሆነ ይናገራል፤ በ2፥17 ደግሞ ሁሉን አክብሩ ብሎ ያዝዛል። በ7ኛው ቁጥር ክብር የተባለውና በ17ኛው አክብሩ የተባለው በግሪኩ ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። በፍሙ አጠገብ ያፈረው፣ በፍሙ አጠገብም የተመለሰው ሰው፣ እፍረቱ የተነሣለት ክብር ስለ ተሰጠው እንደሆነ፣ የተቀበለውንም ክብር ለሁሉ እንዲሰጥ እንደ ታዘዘ በዚያ ቅደም ተከተል ጻፈው። ሁሉን የሚለው ቃል ደግሞ በእሳቱ ዙሪያ የጠየቁትንም ሳይጨምር አይቀርም ብለው አከሉ።

ምላሽ 17። አንዲት መላሽ ይህን አድንቀው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ለሁሉ አንድ እንዳልሆነ አሳሰቡ። እፍረቱ እስኪነሣለት ማክበርን የሚያዘገይ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሊያዘገይ ይችላል። ለዚህም በ4ኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ የኖረውን፣ አስቀድሞ ወንበዴ የነበረውን ሙሴ ጸሊምን አነሡ። በበደለ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ወንድሞች በተሰበሰቡ ጊዜ ተጠርቶ እምቢ አለ፤ ደግመው ሲልኩበት የሚያንጠባጥብ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ ምንድን ነው ሲሉትም ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው፤ እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት። ሙሴ ያለፈውን አልረሳም፤ ትዝታው ግን መሸሸጊያ ሳይሆን ለሌላው መሸፈኛ ሆነለት።

ምላሽ 18። አንድ ሰው በጥቂት ቃላት ጠየቀኝ፤ ይህን ሁሉ ስትጽፍ ወጣቱን ይቅርታ ጠይቀሃልን? ከመሥዋዕት በፊት ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ የሚናገረውን ማቴዎስ 5፥23-24ን ጨመረልኝ፤ ሌላ ምንም አልጻፈም።

ምላሽ 19 እና 20። አንደኛው በአደባባይ የተደረገ ውርደት በአደባባይ መካስ እንዳለበት ጻፈ። ሌላዋ አጥብቃ ተቃወመች፤ በጉባኤ ፊት ይቅርታ መጠየቅ ወጣቱን ዳግመኛ የሰው ዓይን ውስጥ እንደሚያስገባው፣ አስቀድሞ እርሱ ራሱ እንዲመርጥ ሊጠየቅ እንደሚገባ፣ ማቴዎስ 18፥15ም ሁለት ሰዎች ብቻቸውን እንዲነጋገሩ እንደሚያዝዝ አስረዳች። እኔ ከእርሷ ጋር ተስማማሁ።

ምላሽ 21። የሮሜን 16ኛ ምዕራፍ ደግመው ያነበቡ አንድ አባት፣ ጳውሎስ እዚያ ከ20 በላይ ሰዎችን በየስማቸው እንደሚያነሣ፣ የብዙዎቹንም ድካምና ፍቅር ለይቶ እንደሚያመሰግን፣ የሩፎን እናትም ለእርሱ እናት እንደ ሆነችው መናገሩን አስተዋሉ። በ22ኛው ቁጥር ደግሞ መልእክቱን የጻፈው ጤርጥዮስ በራሱ ስም ሰላምታ እንዲያቀርብ ስፍራ ተሰጥቶታል። እንዲህ ባለ ምዕራፍ ላይ በስም የተደናቀፈ አንባቢ ማንንም አላዋረደም፤ ደጋግሞ መለስ ብሎ መጀመሩም ስሞቹን በትክክል ለመጥራት መጣሩን ያሳያል አሉ። እኔ ይህን በዚያ ቀን አላየሁትም። በጣቱ መስመሩን ይከተል የነበረ ልጅ እየታገለ እንደ ነበረ እንጂ እየናቀ እንዳልነበረ ለማየት የሌላ ሰው ዓይን አስፈለገኝ።

ምላሽ 22። ጥናት የሚመሩ አንዲት እኅት የሚያነበው ክፍል ለእያንዳንዱ አስቀድሞ ቢነገረው፣ ማንበብ ያልፈለገም ያለ ምክንያት ተራውን ማሳለፍ ቢችል፣ የአነባበብ እርማት ካለም ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ቢሰጥ እንደሚሻል መከሩ። ተቀብዬ እየሠራሁበት ነው።

ምላሽ 23። ይህም የራሴ ነው። ለምላሽ 18 ጸሐፊ መልስ ይሆን ዘንድ፣ ለወጣቱ በግሉ ደብዳቤ ጻፍሁ። ስለ ልጅነቴ የሚናገረውን አንቀጽ ከጻፍሁት በኋላ አወጣሁት፤ ይቅርታ ሳይሆን ማመካኛ መስሎ ስለ ታየኝ ነው። ያደረግሁትን ብቻ፣ መጽሐፉን ከፊቱ መውሰዴን፣ የተናገርሁትን ቃልና ዓይኔን ከእርሱ አለማንሣቴን ጽፌ ይቅርታ ለመንሁት። በዚህ ስፍራ ስለ እርሱ መጻፌንም ነገርሁት፤ ከፈለገ ሁሉም እንዲጠፋ አደርጋለሁ አልሁት። ከ11 ቀን በኋላ መለሰልኝ። ጽሑፉ እንዲቀር ፈቀደ። ወደ ጥናቱ እንደማይመለስም ነገረኝ። የቀረውን የጻፈልኝን ግን እዚህ አላሰፍረውም።